«ክቡር» ይላል

ጋሽ መልከጼዴቅ በዲላ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ባለችው በረንዳ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ ከኖሩ በኋላ፣ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው «አጻጻፍ ይማሩ» ተባሉ። እንዴት አይናደዱ! ሰውየው እኮ አማርኛቸው የተመሰከረለት ነው። አባታቸው ከመንዝ ለጽሕፈት ሥራ መጥተው ዲላ የቀሩ፣ እሳቸውም ገና በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ። «የመልከጼዴቅ ማመልከቻ ዳኛ ያስለቅሳል» ይባል ነበር። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን በሳምንት አንዴ ለሰው ሳይነግሩት አይቀሩም።

ተማሩ ያለችው የፍርድ ቤቱ አዲሷ ሬጅስትራር፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወለላ ናት። ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ፣ የከተማውን ማመልከቻ ጸሐፊ ሁሉ ሰብስባ ሁለት ቀን አሠልጥና፣ ሃያ አራት ገጽ ያላት አረንጓዴ መመሪያ በየእጃቸው አስያዘች። አጭር ጻፉ ይላል መመሪያው። ማን ምን እንዳደረገ ይታወቅ ይላል። ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፣ ባለጉዳዩ ሳይጨርስ ብዕር አታንሡ ይላል። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ የባሰው አለ፦ «ጽፋችሁ ስትጨርሱ ‹ገባህ ወይ?› አትበሉ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ባለጉዳዩ በራሱ አፍ መልሶ ይንገራችሁ።» ከሰኞ ጀምሮ ጸሐፊው «ባለጉዳዩ መልሶ ነግሮኛል» ብሎ ያልፈረመበት ማመልከቻ መዝገብ ቤት አይቀበልም ተባለ።

«ወይዘሪት» አሉ ጋሽ መልከጼዴቅ በሥልጠናው ላይ ተነሥተው፣ «ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ የአስቤዛ ዝርዝር?» ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወለላ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ባለፈው ወር ከጻፉት አንዱን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አላወቅኩም» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ መልከጼዴቅ ልጅቷን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። መመሪያዋንም ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ከእግሩ ሥር አደረጓት። እልኸኛ ናቸው፤ ማን ይናገራቸው።

በዚያች ሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ አንዲት ሴት ወደ በረንዳዋ ወጣች። የአርባ አምስት ዓመት ሴት ትሆናለች። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ አቮካዶ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው ወረቀት የያዘ ላስቲክ ይዛለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለች።

«አወቁኝ፣ ጋሼ? ጸሐይ ነኝ። ባንኮ ጎቲቲ ነው አገሬ። ጥር ላይ ጽፈውልኝ ነበር።»

ኧረ ማንን ያውቃሉ! በቀን አሥር ሰው ይመጣል። «እንዴት አላውቅሽ!» አሉ ግን። «ተቀመጪ።»

ፌስታሉን እግራቸው ሥር አኖረች። «ይሄ ለእርስዎ ነው። ከጓሮዬ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ ወረቀት ጥሩ ወረቀት ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት የመሬቱን ደብተር ይሰጡኛል።»

«ጎሽ» አሉ፤ ደስ አላቸው። «ታዲያ ዛሬ ምን ልጻፍልሽ?»

ጸሐይ አቀርቅራ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር። አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ በቤቷ የምትናገረው ጌዴኦኛ ነው። «ሽብሩ አለ። የባሌ ወንድም። አኮረፈኝ። ቤቴ አይመጣም። ሰላም አይለኝም። ልጄ ባርኮት ስምንት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ አባቱ ሽብሩ ነው። ሮጦ ሲሄድበት ከበር ይመልሰዋል። ልጁ እያለቀሰ ይመጣል። ምን አደረግኩት? ፍርድ ቤት ጠርቶ ይጠይቅልኝ። ይሄን ይጻፉልኝ።»

ጋሽ መልከጼዴቅ ገና «የባሌ ወንድም» ስትል ብዕራቸውን ከፍተው ነበር። ባል ሞቷል፣ የባል ወንድም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተኝተውም ይጽፉታል። ሌላው ጸሐፊ ሁሉ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ያስተይባል፤ እሳቸው ግን በዚያ በሚያምር እጃቸው ካርቦን አስገብተው ገጹን ሞሉት፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡላት። «ለክቡር ፍርድ ቤቱ! እኔ አመልካች በታላቅ ትሕትና የማመለክተው፣ ተጠሪ በመካከላችን የነበረውን የሥጋ ዝምድናና የቤተሰብ ፍቅር ወደ ጎን በመተው፣ ረዳት የለሽነቴን እንደ መልካም አጋጣሚ በመቁጠር…» እያለ ይሄዳል። ድምፃቸውም ያምራል፤ መንገደኛው ዘወር ብሎ አየ።

ጸሐይ በየመስመሩ «እሺ» ትላለች። ሲጨርሱም «እሺ። ጥሩ ነው» አለች፤ ለመፈረም አውራ ጣቷን ዘረጋች።

እዚህ ላይ ጋሽ መልከጼዴቅ ያቺን «መልሶ ነግሮኛል» የምትል የማትረባ መስመር አስታወሱ። ሳይፈርሙባት ቢልኩት መዝገብ ቤት ሊመልሰው፣ ወለላም ልትስቅባቸው ነው። ዝም ብለው ሊፈርሙባትም ይችሉ ነበር። ግን ዳዊት የደገመ ሰው በውሸት አይፈርምም፤ ይቺ አለቻቸው።

«እስቲ ወይዘሮ ጸሐይ» አሉ እየሰለቻቸው፣ «ወረቀቱ ምን ይላል? መልሰሽ ንገሪኝ።»

ሴትየዋ ደነገጠች። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ። አማርኛው ጥሩ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። ምን ይላል ነው የምልሽ።»

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «‹ክቡር› ይላል» አለች በመጨረሻ።

«እሺ፣ ሌላስ?»

«‹ትሕትና› ይላል።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ… ረጅም ነው።» ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች። «ይቅርታ፣ ጋሼ። እኔ አልተማርኩም።»

ጋሽ መልከጼዴቅ መጀመሪያ የተሰማቸው ንዴት ነው። ይሄን የመሰለ ጽሑፍ «ረጅም ነው»! ቀጥሎ ግን ፈሩ። ሴትየዋ አንድ ገጽ ሙሉ «እሺ» ብላለች እኮ።

«ጥር ላይ የጻፍኩልሽስ?» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ምን ይላል?»

የዚህን ጊዜ ፊቷ በራ። ይሄንን ታውቀዋለች። «እሱማ ቀላል ነው። ልጄ ታመመችብኝ። ትልቋ። ሐዋሳ ላሳክማት ልሄድ ነበር፤ ብዙ ወር ቆይቼ አሁን ነው የተመለስኩት። መሬቱን ትቼ ስሄድ ‹ባለቤት የለውም› እንዳይሉኝ፣ ‹ሽብሩ ቡናዬንና እንሰቴን እስክመለስ ይጠብቅልኝ፣ ደብተሩ በስሜ ይውጣ› ነው ያልኩት። እርስዎ ጻፉ። መስኮት ሦስት ወሰድኩ። ማኅተም መቱ። ሽብሩ ጥሩ ሰው ነው ይላል ወረቀቱ።»

«እስቲ ስጪኝ» አሉ። ላስቲኩን ቶሎ ፈቱት።

የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነው። ያ የሚያምረው። «ጉዳዩ፦ የይዞታ ክስ» ይላል ከላይ። ጸሐይ ከሳሽ፤ ሽብሩ ተከሳሽ። «…ውድ ባለቤቴ ከዚህ ዓለም በሞት በመለየቱ የሐዘን እንባዬ ሳይደርቅ፣ ተከሳሽ የሟች ወንድምነቱን መከታ በማድረግ፣ ላቤን ጠብ አድርጌ ያቀናሁትን የቡናና የእንሰት ይዞታ በማን አለብኝነት ስለቀማኝ፣ በሕግ ኃይል ተገዶ እንዲለቅልኝ…» ከሥሩ የቀጠሮ ወረቀት ተያይዟል። ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት፣ ክስ ለመስማት። ደብተር ለመስጠት አይደለም፤ የምን ደብተር!

እግዚኦ! ጋሽ መልከጼዴቅ ክው አሉ። ወረቀቱን ገለበጡት፣ መልሰው አዩት፤ ያው ነው። አሁን ትዝ አላቸው ማለት ይከብዳል፤ ግን እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። «ባሌ ሞተ» ብላ ጀመረች፣ «ወንድሙ» አለች፣ «መሬት» አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለችውን ጆሯቸው አልሰማም፤ እጃቸው ይጽፍ ነበር። እሷም «እሺ» አለች። ለሸመገለ፣ ለተማረ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

«ምነው፣ ጋሼ?» አለች ጸሐይ። «አመመዎት?»

ለአንድ አፍታ ክፉ ሐሳብ መጣባቸው፤ መምጣቱን አይክዱም። «ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል፣ አስተካክላለሁ» ቢሏት «እሺ» ትላለች። አንድ የሚያምር ማመልከቻ ጽፈው፣ ነገሩን በአማርኛ ጠቅልለው፣ ክሱን ያዘጉታል። ስማቸውም አይነሣ። ግን ያቺ «እሺ» የምትባል ቃል አሁን አስፈራቻቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሰሟት ኖረዋል።

«ጸሐይ» አሉ፣ «ይሄ ወረቀት ሽብሩ መሬቴን ቀማኝ ነው የሚለው። ሽብሩ ከመሬቱ ተገዶ ይውጣ ይላል። ሽብሩን ከሰሽዋል። መጥሪያ ደርሶታል። የሚያኮርፍሽ ለዚህ ነው።»

ሳቀች። እያሾፉባት መስሏት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሳቸው እንዳልሳቁ ስታይ ሳቋ ተቋረጠ።

«እኔ? ሽብሩን?»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።»

«ባሌ ሲታመም ተሸክሞ የወሰደው ሽብሩ ነው» አለች። ከወንበሩ ተነሥታ ቆመች። «መቃብሩን የቆፈረው ሽብሩ ነው። እኔ ቀማኛ አልኩት? በየትኛው አፌ? ማነው ያለው?»

«ወረቀቱ ነው…»

«ወረቀት አፍ የለውም፣ ጋሼ። ማነው ያለው?»

ጋሽ መልከጼዴቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳኛም ጠይቋቸው አያውቅም። «እኔ ነኝ» አሉ።

ጸሐይ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። እንደ ቆመች ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና በጌዴኦኛ አንድ ነገር ደጋግማ አለች፤ ጋሽ መልከጼዴቅ አልገባቸውም። ዲላ ተወልደው፣ ዲላ አርጅተው፣ ከጌዴኦኛ የሚያውቁት ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። አፈሩ።

ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰባት ሊሆን ነው። ጎንበስ ብለው መመሪያዋን ከጠረጴዛው እግር ሥር መዘዟት፤ ጠረጴዛው ዘመም አለ። አዲስ ወረቀት አወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕራቸውን ሳይከፍቱ «በይ ንገሪኝ፣ እስክትጨርሺ ዝም እላለሁ» አሏት። ነገረቻቸው። ከዚያ ጻፉ። «በጽሑፍ ዝግጅት ወቅት በተፈጠረ ስሕተት ምክንያት» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ማን ምን እንዳደረገ ይታወቅ፤ ያቺ ልጅ አሁን ብትኖር ይሄን ነበር የምትላቸው። ቀደው ጣሉት። «ጸሐፊው ባለመረዳቱ» ብለው ደግሞ ጀመሩ፤ የቱ ጸሐፊ? ቀደዱት። አማርኛ እንዲህ የከበዳቸው ገና ዛሬ ነው። በሦስተኛው እንዲህ ወጣ፦

«ጸሐይ እባላለሁ። የባሌ ወንድም ሽብሩ መሬቴን አልቀማኝም። ልጄን ላሳክም ስሄድ እንዲጠብቅልኝ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ጠበቀልኝ። ልከሰው አልፈለግኩም። ክሱን የጻፈው ማመልከቻ ጸሐፊው መልከጼዴቅ ነው። እኔ ያላልኩትን ጻፈ። ምን እንደጻፈም አልነገረኝም። ክሱ ይዘጋልኝ።»

ስምንት መስመር እንኳ አልሞላም። እንዲህ ራቁቱን የቆመ ጽሑፍ ጽፈው አያውቁም። አነበቡላት።

«እሺ አትበይኝ» አሉ ወዲያው። «ምን ይላል?»

ጸሐይ ዓይናቸውን ቀጥ ብላ አየች። «ሽብሩ ጥሩ ነው ይላል። እኔ አልከሰስኩም ይላል። መልከጼዴቅ ዋሸ ይላል።»

«ዋሸ» የሚል ቃል አልጻፉም። ግን ምኑን ያርሙታል? ፈረሙ። እሷም ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። አቮካዶውን እንድትወስድ ቢለምኗት ዞር ብላም አላየችው።

አብረው ወደ ግቢው ገቡ። ከችሎቱ በር ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ባለጉዳይ ተደርድሯል። በአንደኛው ጫፍ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ቦት ጫማው ላይ ጭቃ እንደ ደረቀ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጸሐይን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽብሩ ነው።

ጸሐይ መሬት ላይ፣ ከጭቃው፣ ከፊቱ ቁጭ አለች። በጌዴኦኛ ነበር የምትናገረው፤ ቶሎ ቶሎ፣ እየቃተተች። በመካከሉ «መልከጼዴቅ» የሚለው ስም ሁለት ሦስቴ ተሰማ። ሽብሩ መጀመሪያ አላመነም። ዘወር ብሎ ሽማግሌውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና እሳቸውን አየ። ከዚያ ያ ሰውዬ ክንዷን ይዞ ከጭቃው አነሣት። አግዳሚው ላይ ከጎኑ አስቀመጣት። ጋሽ መልከጼዴቅ ልባቸው ትንሽ መለስ አለ። አበቃ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሊሉ ነበር።

ሽብሩ ግን ኮቱን ከፍቶ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አማርኛው ከጸሐይ ይሻላል።

«እኔም መልስ ይዘህ ቅረብ ስላሉኝ አስጽፌያለሁ» አለ። «‹አልከራከራትም፣ መሬቱን ትውሰድ፤ ልጁን ብቻ እንዳትከለክለኝ› ብዬ ነው ያስጻፍኩት። ልቤ እየቆሰለ ነው ልጁን ከበር የመለስኩት። ይሄስ ምን ይላል? ያንብቡት።»

ጋሽ መልከጼዴቅ ወረቀቱን ተቀበሉ። ገና ሳይዘረጉት አወቁት። ቀለሙን አወቁት፣ የ«ለ»ዋን አንገት አወቁት። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ በገበያ ቀን የተጻፈ፣ የገዛ እጃቸው። በዚያ ግርግር የከሳሽን ስም እንኳ ከክሱ ላይ ገልብጠው ነበር የጻፉት፤ ክሱን ግን ማን እንደጻፈው አላዩም። ምን ያያሉ? ሁሉም አንድ ነው ብለው ነዋ!

«እኔ ጋ ነው ያስጻፍከው?» አሉ።

«እርስዎ ጋ ነው እንጂ። መጥሪያዋ ሲደርሰኝ ሰው አስነበብኩ። ‹ይሄን የጻፈ ሰው ጎበዝ ነው፣ ሂድና እሱን ፈልግ› አሉኝ።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ትቶ ያዳምጣል። እንደተጻፈ ሊያነቡት አሰቡና ተዉት። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ በተራ ቃል፣ አንድ በአንድ ነገሯቸው።

«እንዲህ ይላል። ጸሐይ የወንድሜ ሚስት አይደለችም ይላል። መሬቱ የእኔ ነው ይላል።» አቆሙ። «ባርኮት የወንድሜ ልጅ አይደለም፤ ከማን እንደተወለደ አይታወቅም ይላል።»

ጸሐይ ጮኸች። አሁን ጮኸች። ሽብሩ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቆ አፍጥጦ አየው፤ ፊደሉ ዝም አለው። «እኔ አላልኩም!» አለ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለእሷ። «ጸሐይ፣ በባርኮት እምላለሁ፣ አላልኩም!»

«አላለም» አሉ ጋሽ መልከጼዴቅ። «አንቺም አላልሽም። እሱም አላለም። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናንተን ያጣላኋችሁ እኔ ነኝ።»

ችሎት አስጠሪው በር ላይ ብቅ ብሎ ስማቸውን ጠራ፦ ከሳሽ ጸሐይ፣ ተከሳሽ ሽብሩ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተነሡ። ሽብሩ ያን መልሱን አራት ቦታ፣ ስምንት ቦታ ቀዶ ኪሱ ከተተው፤ ጸሐይ አጭሯን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛለች። ማንም ለሽማግሌው ደህና ይዋሉ አላላቸውም። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ጋሽ መልከጼዴቅ ወደ ውጪ ሊወጡ ዘወር አሉ። አንድ ሌላ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ሲያዳምጡ ነበር።

«እንድርያስ እባላለሁ፤ ከወናጎ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ያለፈው ዓመት ጽፈውልኛል። እንደ አሁኑ አድርገው የእኔንም ይንገሩኝማ።» እጃቸው ላይ ወረቀት አለ። ያ የሚያምር ጽሑፍ ከሩቅ ይታያል።

ከእሳቸው ኋላ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከአግዳሚው ተነሥታ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ከእሷ ኋላ ሁለት ወንድማማቾች ወረቀታቸውን እያወጡ ነው። ከዚያም ሌላ ሰው፣ ሌላም።

ጋሽ መልከጼዴቅ የእንድርያስን ወረቀት ተቀበሉ፤ ሊገልጡት ግን ፈሩ። «አባቴ» አሉ፣ «መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ። ያን ጊዜ ምን ብለውኝ ነበር?»